ካቻቢቴና የጥፍር ቀለሙ

የሰፈራችንን የቤት ዕቃ ጠጋኝ ሁሉም ሰው ካቻቢቴ ይለዋል። ቀጭንና ረጅም ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲቆም እሱ ራሱ ብሎን ሊፈታ የተዘጋጀ ይመስላል። እሱን ባሰብኩ ቁጥር ግን ቀድማ ትዝ የምትለኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ እያጠበች ትተዳደር ነበር። ሰው አታምንም። በስኳር ዕቃው ላይ ስኳሩ የደረሰበትን በእርሳስ ታሰምራለች። ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ «እህቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ ነው የምትተኛው» እያለ ይስቅባት ነበር።

አንድ ቀን የልብስ ማድረቂያዋ መሽከርከሩን ሳይተው ማሞቁን ተወ። ካቻቢቴ መጥቶ ፊውዝ ቀየረላት። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ እንደገና ቀዘቀዘ። አክስቴ እሱን አልጠራችም። ከበር በር እየዞረች፣ «ደህናውን ማሞቂያ ሽቦ ነቅሎ አሮጌ ገጠመልኝ» ብላ አወራች። ሳምንቱ ሳያልቅ ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሁለት ቤቶች ካቻቢቴን «ተወው፣ ይቅር» አሉት።

ሰኞ ጠዋት ሳይጠራ መጣ። ያን ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ሌባ ነው ብለውኛል አሉ።»

«ሌባ የሚል አልወጣኝም። ዕቃ ቀይሯል ነው ያልኩት።»

«እሱስ ምን ይባላል ታዲያ?»

«የቀየረው ያውቃል።»

የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እዚሁ ፊትዎ ልክፈተው። ቀይሬው ከሆነ ሳጥኔን ትቼልዎት እሄዳለሁ። ካልቀየርኩ ግን ያወሩባቸው በሮች ሁሉ ሄደው ይንገሩልኝ።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ነዪ አንቺ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰሻል፤ ምስክር ትሆኚያለሽ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳሸነፈ ሰው፣ «ያኔ ፊውዝ ልትገዛ ስትወጣ ክፍቱን ትተኸው ነው የሄድከው» አለችው። «ሽቦው ያለበት ብረት ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ።»

ካቻቢቴ ሳጥኑን ከፈተ። ሶኬቱን ነቀለ፣ ማሽኑን ከግድግዳው አራቀ፣ የኋላውን ክዳን ስድስት ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች።

ቀይ የሚባል ነገር አልታየንም።

«አየሽ?» አለችኝ። እሱን አላየችውም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጠረጠርኩት። እጁን አየሁ፤ አይንቀጠቀጥም። የለመደ ሌባም እጁ አይንቀጠቀጥም ብዬ አሰብኩ። ዛሬም ድረስ የማፍርባት ሐሳብ እሷ ናት።

«ስንት ቦታ ነው የቀቡት?» አላት።

«ሁለት። አንዱ እዚህ ከላይ። አንዱ ታች፣ ብሎኑ አጠገብ።»

ከላይ ባሳየችው ቦታ ላይ ቡኒ ቅርፊት ነበር። በጥፍሩ ፋቀው፤ እንደ ከሰል ብን አለ። «ሽቦው ሲግል የጥፍር ቀለም ያርራል እትዬ።» የእጅ ባትሪውን ወደ ታችኛው ብሎን አዞረ። ሙቀቱ በማይደርስበት ጥግ ላይ ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ ቁጭ ብላለች።

አክስቴ ነጥቧን ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። «አንተም ገዝተህ ልትቀባ ትችላለህ» አለች፤ ግን ድምጿ ከድቷታል።

ካቻቢቴ መብራት ሲያልፍበት የሚጮኸውን ቴስተር ከሳጥኑ አወጣ። ቴስተሩን ፊውዙ ላይ አደረገ፤ ቴስተሩ አልጮኸም። ፊውዙ እንደገና ተቃጥሏል። «ማሽኑ ከልክ በላይ ሲግል ይሄ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ሁለት ጊዜ ከተቃጠለ ግን ሞቃቱ አየር መውጫ አጥቷል ማለት ነው» አለና ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልነው። ከግድግዳው ላይ ብቅ ባለው የአየር ማስወጫ ቱቦ ውስጥ እጁን አስገብቶ ሳበ። አበባ ያለበት የገላ ፎጣ ወጣ።

ፎጣውን አውቀዋለሁ። የአክስቴ ነው።

 አክስቴ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤት በአገጯ አመለከተች። «ያቺ ሴትዮ እንፋሎቱን እያየች ስንት ዙር እንዳጠብኩ ትቆጥራለች። ገበያዬን ታሰላለች። ደፈንኩት።»

ካቻቢቴ ፎጣውን አራግፎ ሰጣት። «የመጀመሪያው ዕለት ወጥቼ ቱቦውን ማየት ነበረብኝ» አለ። «እሱ የኔ ጥፋት ነው።» ተመልሶ ፊውዙን ቀየረ። ማሽኑ ሲሞቅ ክፍሉ የታጠበ ጥጥ ሽታ ሸተተ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ስድስት በሮች አንኳኳች። አራቱ ጋ «ሰውየው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አምስተኛው በር አልተከፈተላትም። የመጨረሻው ከአጥሩ ማዶ ያለችው የዚያች ሴትዮ በር ነበር፤ እዚያ ፎጣውን ብቻ አሳየቻት። ምን እንደተባባሉ እስክትሞት አልነገረችኝም።

ሁለቱ ቤቶች ካቻቢቴን መልሰው ጠሩት። የአንደኛው ቤት ባለቤት ግን ሥራውን እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነሣችም። ካቻቢቴ በማግስቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛ። ከዚያ ወዲህ ማሽን ከመንካቱ በፊት ጠርሙሷን ለዕቃው ባለቤት ይሰጣል፤ «ይቀቡ፤ የሚግለው ቦታ ላይ ግን አይሁን» ይላል።

ጠርሙሷን ኪሱ ውስጥ ያገኘችው ሚስቱ «የማናት?» ብላ ሦስት ቀን አኩርፋዋለች። ወሬው ደርሷት አክስቴ ዘንድ ልትጠይቅ መጣች፤ አክስቴም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻት። ስትሸኛት ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ለማንኛውም ቀለሙ ቀይ መሆኑን አረጋግጪ» አለቻት።