የደጁን ቋንቋ የማታውቀው አስተማሪ

የወንድሜ ሚስት ግትር ናት። ፊቷ ቆሜም እላታለሁ። ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ የዚህን የሰው አገር ቋንቋ፣ እኛ የደጁ የምንለውን፣ ከነስድቡ አቀላጥፋ ተምራለች። ጡረታ ስትወጣ ግን የሕፃናት ማቆያ ከፈተች፤ እዚያ የሚነገረው የቤታችን ቋንቋ ብቻ ነው። ልጆቹ ፊት የደጁን ቋንቋ ጨርሶ አታውቅም። በቤታችን ቋንቋ እንዲናገሩ ብላ፣ እሳት ቢነሳ እንኳ አታውቅም!

እኔ እዚያው ምግብ አበስላለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ መጣች። አገር ቤት ያለችው አያቷ ከቤታችን ቋንቋ ሌላ አታውቅም፤ ሁለቱ በስልክ እንዲጫወቱ ነበር የእናትየው ምኞት። ልጅቷ ቤቷ በደጁ ቋንቋ ስትለፈልፍ ታመሻለች፤ እኛ ዘንድ ግን አምስት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። ጫማሽን አምጪ ሲሏት ታመጣለች፣ አፏ ግን ክርችም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች የወንድሜ ሚስት።

«ይኼኛው እንቁላል አምስት ወር ሞላው እኮ፣ እህቴ!»

በመጨረሻ እናትየው ቆረጠች። «እዚህ አፏን ዘግታ ከምትውል ሌላ ቦታ ትዋል። ከዓርብ በኋላ አላመጣትም» አለች። የወንድሜ ሚስት ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ዓርብ ከሰዓት የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ፈነዳ። የጠራነው ቧንቧ ሠራተኛ ተንበርክኮ በደጁ ቋንቋ ይጠይቃል፤ የወንድሜ ሚስት ልጆቹ ከበዋት ድርቅ ብላ ቆማለች። ውሃው ምንጣፉ ሥር ገባ። አፌን ልከፍት ስል በዓይኗ ገሠጸችኝ። ኧረ የሴት ደረቅ!

ያኔ ያቺ ልጅ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እትዬ፣ ውሃው በየት ነው የሚዘጋው እያለሽ ነው» አለች፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ።

«ከ... ከበሩ ኋላ ነው በይው» አለች የወንድሜ ሚስት። ልጅቷ ዞር ብላ ለሰውየው በደጁ ቋንቋ ነገረችው። ሄዶ ዘጋው።

ለካ እናትየው ልጇን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማለች። አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። «ሰኞ ጠዋት አመጣታለሁ» አለች።

የወንድሜ ሚስት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ፣ እትዬዋ የደጁን ቋንቋ ባለማወቋ ያለቀሰች መስሏት ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት።

«አይዞሽ እትዬ፣ የእነሱን ቋንቋ እኔ አስተምርሻለሁ።»