ጋሼ ታምሩ የተሰናበቷቸው የሴንት ኪልዳ ግሮሰሪዎች

ፍሌሚንግተን፣ ቅዳሜ ረፋድ

ጋሼ ታምሩ ከከተማው ዳር ሜልተን ወዳለችው ልጃቸው ቤት ጠቅልለው ሊገቡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ የባሕር ዳርቻው ሰፈር ሴንት ኪልዳ ሄደው የሚሰናበቷቸው ቤቶች እንዳሉ ነግረውኝ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ቤት ሲሉ የሰው መኖሪያ መስሎኝ እሺ አልኩ። በኋላ ስሰማ መጠጥ ቤቶች ናቸው። አዲስ አበባ ግሮሰሪ እንደምንላቸው ዓይነት ጠበብ ያሉ፣ ቱሪስት የማያውቃቸው፣ የሰፈር ሰው የሚቀመጥባቸው ሦስት ቤቶች።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። ያም ሆኖ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴን ተከትዬ ወደዚህ አገር ስመጣ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩት ጋሼ ታምሩ ናቸው ትራም መሳፈር ያስተማሩኝ። ልጃቸው ማርታም ደውላ፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነግራኝ፣ ብቻቸውን እንዳልለቃቸው ለመነችኝ። የቅዳሜ ሺፍቴን ካንስል አድርጌ ተነሣሁ።

ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ወረዱ። ሬስኮርስ ሮድ ላይ ሃምሳ ሰባት ቁጥር ትራምን ያዝን፤ መሐል ከተማ በርክ ጎዳና ላይ ወርደን ወደ ዘጠና ስድስት ቀየርን። ትራሙ ፎጣ በትከሻቸው ባደረጉ ወጣቶችና ሻንጣ በሚጎትቱ እንግዶች ተሞልቷል። ጋሼ ታምሩ ጨዋታ ወዳድ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን መንገዱን ሁሉ ዝም አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ፊትዝሮይ ጎዳና

ከትራሙ ስንወርድ የባሕሩ ነፋስ ተቀበለን። ዳር ለዳር የተደረደሩት ምግብ ቤቶች ወንበሮቻቸውን እግረኛው መንገድ ላይ አውጥተዋል። አንድ ስኒ ማኪያቶ ስድስት ዶላር መሆኑን ከሰሌዳው አንብቤ አለፍኩ።

ጋሼ ታምሩ እዚህ ሰፈር አሥራ አራት ዓመት ብርጭቆ አጥበዋል፣ የቢራ በርሜል ቀይረዋል። መጀመሪያ የተቀጠሩበት ቤት «ቀይ በር» ይባል ነበር። ስንደርስ በሩ ነጭ ነው፤ ውስጡ የኮኣላ አሻንጉሊትና የማቀዝቀዣ ማግኔት ይሸጣል። ሻጯ ልጅ ምን እንደምንፈልግ ስትጠይቅ፣ ጋሼ ታምሩ ወለሉን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ባዶ ሆነ።

«በርሜሉን የማወርደው በዚህ ነበር» አሉኝ። ለልጅቷም በእንግሊዝኛ ነገሯት። ከእግሯ ሥር ጓዳ እንዳለ ሰምታ አታውቅም። ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ጨበጠቻቸው።

ከአክላንድ ጎዳና ጀርባ

አክላንድ ጎዳና ላይ ቱሪስቱ የኬክ መስኮቶችን ፎቶ ያነሣል። እኛ በአንዲት ጠባብ መንገድ ታጥፈን «ካፒቴኑ» የሚባለው ቤት ገባን። ምንጣፉ ጫማ ይይዛል። ባንኮኒው በክርን ብዛት መሐሉ ተበልቷል። የቢራና የተጠበሰ ድንች ሽታ ተቀላቅሎ ከግድግዳው የሚወጣ ይመስላል። ቴሌቪዥኑ ከእኛ ቤት አሥር ደቂቃ የማይርቀውን የፍሌሚንግተን ፈረስ እሽቅድምድም ያሳያል። እሱን ለማየት ከተማውን አቋርጠን መምጣታችን አሳቀኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢያየኝስ ብዬ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሥጋቴ ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን አድርገው የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት ይሞላሉ፤ ሲቸግራቸው ጥያቄውን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከየጠረጴዛው መልስ ይመጣል። ለሁለታችን አሳና ድንች፣ ለእኔ ሎሚናት፣ ለጋሼ ታምሩ አንድ ብርጭቆ ድራፍት አዘዝን።

ድራፍቱን ሳይነኩት የመጡበትን ነገር ነገሩኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ሆስፒታል ተኝተው በነበሩበት ጊዜ፣ እሳቸው የሚሠሩት ሦስተኛው ቤት፣ «መልህቅ» ውስጥ ነበር። በትራም ሲሄዱ የመጠየቂያ ሰዓቱ ያልፍባቸዋል። ይህን የሰሙ አራት ደንበኞች ተራ ገብተው፣ ተረኛው መጠጡን ትቶ በመኪናው ያደርሳቸው ጀመር። ለሰባት ሳምንት አንድ ቀን አላጎደሉም።

«ስትሞት ለቅሶ ቤት መጡ» አሉ። «አራቱም። ኬቨን የሚባለው አንድ ካርቶን ቢራ ተሸክሟል። የእኛ ሰው ሰካራሞች መስለውት ከበር መለሳቸው። እኔ በመስኮት አይቻለሁ። መነሣት አቃተኝ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልግባ? ሥራውንም በስልክ መልእክት ተውኩት።»

በትራሙ ውስጥ ያነበነቡት እንግሊዝኛ ይቅርታ መጠየቂያቸው ነበር። ድራፍታቸውን ግማሽ ጠጥተው ተነሡ።

መልህቅ

«መልህቅ» ሁለት መንገድ ተሻግሮ በልብስ ማጠቢያና በተዘጋ ፋርማሲ መሐል ናት። በሩ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ታምሩ ቆሙ። ጉልበታቸው ነው ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንመለስ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው በሩን ገፉት።

የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ጆይስ ብርጭቆ እየወለወለች ነበር። ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት። ቀና ብላ ለአፍታ አየቻቸውና፣ «ታም» አለች። በዚህ ቤት ስማቸው ያ ነበር። ጥግ ላይ ውሻውን እግሩ ሥር ያስተኛ አንድ ሽማግሌ ዞር አለ። ኬቨን እሱ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ወደ ሰሜን ሄዶ ከልጁ ጋር ይኖራል።

ጋሼ ታምሩ ሳይቀመጡ ያጠኑትን ጀመሩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። ስለዚህ አጠሩት።

«በር ላይ ስትመለሱ አይቼ ነበር። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ይቅር በለኝ።»

ኬቨን የመለሰውን እኔም አልጠበቅኩም።

«እኛ እኮ ያስቀየምንህ መስሎን ነበር» አለ። «ቢራ ይዘን በመምጣታችን። ወደ ለቅሶ ምን እንደሚያዝ አላወቅንም። ከአራታችን አንዱ፣ ዴስ፣ እስኪሞት ድረስ፣ ‹አበባ መያዝ ነበረብን፣ ታም በዚያ ነው የቀረው› ይል ነበር።»

ጋሼ ታምሩ ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ኬቨን ትከሻቸውን ያዘ። ውሻው ተነሥቶ የሁለቱንም ጫማ አሸተተና መሐላቸው ተኛ።

ቆይቶ ኬቨን፣ በእናንተ አገር ለቅሶ ያመለጠው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። «በሰማ ጊዜ መጥቶ ይቀመጣል፣ ሌላ ምንም የለውም» አሉት ጋሼ ታምሩ። ጆይስ ይህን ስትሰማ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ከባንኮኒው ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የቀሩት ደንበኞችም፣ አምስት ይሆናሉ፣ ወንበራቸውን ይዘው ቀረቡ። ካርታ በእጃቸው የያዙ ሁለት ቱሪስቶች በሩን ከፍተው የኮክቴል ዝርዝር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ጆይስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለቅሶ ላይ ነን፣ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ አለቻቸው። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ወጣ።

ኬቨን እኔን አይቶ ጸሎት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ፊት ስጸልይ ድምፄ ይጠፋል። እዚያ ግን በአማርኛ ጸለይኩ፤ ስለ እትዬ ወይንሸትና ስለሞቱት ሁለት ሰዎች አመስግኜ፣ ለቀሩት መጽናናትን ለመንኩ። ስጨርስ ቋንቋውን የማይሰሙት ሁሉ አሜን አሉ።

ከዚያ ወሬው ተከፈተ። ጋሼ ታምሩ ኮታቸውን አውልቀው ባንኮኒው ጀርባ ገብተው ብርጭቆ ያጥቡ ጀመር፤ ጆይስም አልከለከለቻቸውም። ዴስ ቁልፉን መኪና ውስጥ ቆልፎ ሆስፒታሉ በር ላይ የተኛበትን ቀን ኬቨን ሲያስታውስ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ፀሐይዋ ገና ባሕሩ ላይ ነበረች። በትራሙ ውስጥ ጋሼ ታምሩ ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ እየተረኩልኝ ፍሌሚንግተን ደረስን። ማርታ ደውላ ጠጥተው እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ነው አልኳት። የቀረውን ራሳቸው እንዲነግሯት ስልኩን ሰጠኋቸው።

ለባለቤቴ ሁሉንም አወራሁለት። «መጠጥ ቤት ውስጥ ጸለይሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እንዲህ ዓይነት በሮችን ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኔን እያዞርኩ አልፌያለሁ። ውስጣቸው ያለው መጠጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው በመጠጡ አሳቦ እርስ በርሱ እንደሚጠባበቅ አላውቅም ነበር። ለቅሶ ለመድረስም የሚረፍድ ቀን እንደሌለ የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ጋሼ ታምሩ አሁን ሜልተን ናቸው። ከዚያ ሴንት ኪልዳ በባቡርና በትራም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማርታ ርቀቱን ታማርራለች። እሳቸው ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከረባታቸውን ያስራሉ። የሚመልሳቸው ኬቨን ነው፤ በመኪናው እስከ ደጃቸው ያደርሳቸዋል።