ድንጋዩ ላይ የተተወልን ጋቢ

መጀመሪያ ያመመኝ ወገቤን ነው። ሸክላ ሠሪ ወገቧን ቢያማት ምን ይገርማል ብዬ ጭቃዬን ማቡካቴን ቀጠልኩ። ሲመሽ ራሴን ፈለጠኝ፤ ትኩሳቱም ተከተለ።

ጊዜው ንጉሡ ግቢያቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ያዞሩበት ሰሞን ነው። መንደራችን ከአንኮበር በታች፣ ገደል ሥር ናት። ከውጭ ሰው ጋር አንነካካም ነበር። ማሰሮአችንን ትልቁ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ዞር እንላለን፤ ገዢው እህሉን ትቶ ማሰሮውን ይወስዳል። ባዕድ የነካ ሰው ጅረት ማዶ ካለችው ጎጆ ሰንብቶና ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ሰውን እንዲህ ስናጥብ፣ አንድ ገዢ በእህል ፈንታ የተወውን ጋቢ ማጠብ ግን ማንም ትዝ አላለውም። ጨርቅ ሰው አይደለማ! እኔም ብርድ ነውና ለብሼው ሰነበትኩ።

ፊቴ ሽፍ አለ። ከዚያ መዳፌ። ከዚያ አፌ ውስጥ። ፈንጣጣ ነው። ጡት የምትጠባ ልጄን ወሰዱብኝ። ጅረት ማዶ አስተኙኝ። ሽፍታው መግል ቋጠረ። ዓይኔ ተከደነ። ልጄንም ይዟት ይሆን? ከሕመሙ ይልቅ የጨረሰኝ ይህ ነበር።

ፈንጣጣን ያለ ፍርሃት የሚያስታምም አንዴ ወጥቶለት የዳነ ሰው ነው። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ራሳችንንም ደብቀን ነበር። ባሌ አበራ ድንጋዩ ዘንድ ጠብቆ፣ ማሰሮ ልትገዛ የመጣች የአልዩ አምባ ነጋዴ አገኘ። ዘሀራ ትባላለች፤ ፊቷን ፈንጣጣ በሳስቶታል። ሽማግሌዎቻችን ተቆጡ። አበራም፣ "እናንተ የማትነኳትን ማን ይንካት?" ብሎ አስገባት።

ዘሀራ ዓይኔን ለብ ባለ ውኃ እያራሰች ገለጠችው። "አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ያሽርሻል" አለችኝ። ከባዕድ እጅ መጀመሪያ የቀመስኩት አጥሚት ነው፤ ጨው በዝቶበት ነበር።

በእሷው ምክር አበራ ልጃችንን ታቅፎ አንኮበር ከታቢ ዘንድ ሄደ። ከታቢው የሁለቱንም ክንድ ጫር አድርጎ፣ በሽታው ከቀለለለት ሰው የወሰደውን መግል አኖረበት። "ክንዷ ካበጠ ደስ ይበላችሁ" አለው። አበጠ። ትንሽ አተኮሳት፣ ጥቂት ወጣባት፣ ዳነች።

እኔም ቅርፊቴ ረግፎ፣ ጅረቱ ዳር ፀሐይ እየሞቅሁ ከዘሀራ ጋር ስጫወት አበራ ልጄን አመጣልኝ። እሷም ሁለት የተበሳሳ ፊት ብታይ ግራ ገብቷት፣ እኔን ትታ ዘሀራ ጉያ ውስጥ ገባች፤ ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ሽማግሌዎቹ ዘሀራን ታጠቢ ቢሏት፣ "መጀመሪያ ጋቢያችሁን እጠቡ" አለቻቸው። ቆይተው እነሱም የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከታቢው ወጡ።

ፈንጣጣ ቤታችሁ የገባባችሁ ሁሉ፣ የታመመውን ለዩት፣ ልብሱንም አቃጥሉ። ብቻውን ግን አትተዉት። የወጣለት ሰው ፈልጉ፤ አገሩን አትጠይቁ። ዘሀራን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬም እሷ ገደሉን ስትወርድ ልጄ ቀድማኝ ሮጣ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች።