የአሥረኛ «ለ» ተማሪ ወላጅ

ደብዳቤውን ያመጣችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽኔ ላይ ጎንበስ ብዬ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ጣል አድርጋልኝ ሄደች። «የተማሪ» ይልና የልጄ ስም ከነአያቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ «አሥረኛ ለ»፣ ከሥሩ «ወላጅ»። እሑድ ጠዋት ለዴስክ መግዣ ገቢ ማሰባሰቢያ ስላለ እንድገኝ በአክብሮት ተጠርቻለሁ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ያን ዕለት ግን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባለሱሪው መጥቶ «ምነው ሰውዬ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣብህ እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ። «አንተ ሥራህን ሥራ!» አልኩት። ሥራው የኔ እንደነበር ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ልጄ እቤት አልነበረችም። በማሽላ አጨዳ ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ እንደወጣች ቀረች። በሦስተኛው ቀን በማላውቀው ስልክ ደወለች። ከጓደኞቿ ጋር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ እየሄዱ ነው፤ ከዚያ ዐረብ አገር ትሻገራለች፣ ሠርታ ትልክልኛለች፣ እባክህ አትቆጣ አለችኝ። ተቆጣሁ። ምን ልበል፣ አፌ ለራሴ እንኳ አይታዘዝም። ጮህኩባት፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይሠራም። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ነው የሞተችብን፤ በዚያ ቤት ሁለት ነበርን፣ አሁን አንድ ነኝ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ መሥራት እስካሁን አልለመድኩም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል።

ለሰው አልተናገርኩም። የጠየቀኝን ሁሉ «አክስቷን ልታስታምም ሮቢት ሄዳለች፣ ትመለሳለች» እላለሁ። ሐሜት ፈርቼ ብቻ አይደለም። ሄደች ብዬ በአፌ ከተናገርኩ ትምህርት ቤቱ ስሟን ይሰርዛል፤ ስሟ ከመዝገቡ ከወጣ ደግሞ በቃ፣ እሷም ከዚህ አገር ወጣች ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ለሌላ ሰው ብነግረው ይስቅብኛል። እኔ ግን ማታ ማታ ከዚህ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። እንግዲህ ደብዳቤው ሲመጣ ደስታዬን አስቡት። ስድስት ወር ሙሉ ፈርቼ ነበር፤ ይኸው አልሰረዟትም!

እሑድ ጀለቢያዬን ተኩሼ ለበስኩና ሄድኩ። በግቢው ሸራ ተወጥሯል፣ ጀነሬተር ይንጫጫል፣ ከሸራው ውጭ የቆመ ሰው ፀሐዩ አናቱን ይበሳዋል። በጦርነቱ ጊዜ ዴስኮቹ ማገዶ ሆነው ልጆቹ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ ነው የሚማሩት። ይህን የማያውቅ ወላጅ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳን፤ ባያስረዳን ቶሎ ሰጥተን ቶሎ ወደ ጥላ በገባን ነበር።

የኛ አገር መዋጮ አንድ ደግ ነገር አለው። ወላጅ በልጁ ስም ይጠራል። ይነሣል፣ የሚሰጠውን ይናገራል፣ ልጁም ከተማሪዎቹ መሐል ወጥቶ አጠገቡ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ያኔ ሼኹና ቄሱ በየተራ ይመርቃሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሚን!» ይላል። ፍየል ያመጣም፣ ግማሽ ኩንታል ማሽላ ያመጣም፣ ምንም ሳይኖረው ጉልበቴን እሰጣለሁ ያለም ያው አንድ ዓይነት አሚን ነው የሚያገኘው። እኔ የሄድኩት ለዚያ አሚን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የልጄን ስም ሰምቶ በአንድ አፍ አሚን ቢልላት፣ በረሃም ላይ ትሁን ባሕር ላይ ይደርሳታል ብዬ። ልጅቱ አጠገቤ መቆም እንዳለባት ግን ወላሂ ረስቼው ነው። ሰው ምኞቱ ሲበዛበት እንዲህ ይጃጃላል።

አጠገቤ የተቀመጠችው የሰፈራችን ሴት ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ሴት ልጇ ጎኗ ቆማ ስትመረቅ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ወዲያው የልጄ ስም በማይክራፎን ተጠራ። ተነሣሁ።

«ለአሥር ችግረኛ ልጆች ዩኒፎርም በነፃ እሰፋለሁ!» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልን» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ «ግን የተጠየቀው ዴስክ ነው።»

«እንግዲያስ ዴስክም እጨምራለሁ! ራቁቱን ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አለ እንዴ?»

ሰው ሳቀ፣ ተጨበጨበልኝ። ለአፍታ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ሼኹ ተራቸው ነበርና እጃቸውን ዘርግተው ወደ ተማሪዎቹ ተመለከቱ። «ልጅቱስ? ትምጣ እንጂ» አሉ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሮቢት ናት ማለት እችል ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ያልኩት ነው። ግን በዚያ ሁሉ መምህር ፊት ሮቢት ናት ካልኩ፣ ከመቼ ጀምሮ ብለው ይጠይቁኛል፣ ከዚያም ይሰርዟታል ብዬ ፈራሁ።

«ታማ ነው» አልኩ። «እቤት ተኝታለች።»

«ውይ በሞትኩት! መጣች እንዴ ከሮቢት?» አለችኝ ሴትዮዋ በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅኩላት።

ሼኹ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ያ አላህ፣ አፊያዋን መልስላት። ከተኛችበት አንሣት።» ሕዝቡ «አሚን!» አለ። ለበሽተኛ ነውና ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጮክ ብሎ ነው ያለው። ተቀመጥኩ። የመጣሁለትን ዱዓ ባልታመመችበት በሽታ ላይ አባከንኩት። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ወሎ ውስጥ ሰው ታመመ ተብሎ ተሰምቶ ዝም አይባልም። ይህንንም ረስቼዋለሁ። ሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሼኹ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ በሃይላንድ ወተት ሞልታ፣ የልጄ ክፍል ኃላፊ የነበረችው መምህርት ደግሞ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ቆመዋል።

«አብሽር፣ እንዴት ዋለችልህ?» አሉኝ ሼኹ ገና ከደጅ።

ተኝታለች ልል ነበር። መኝታዋ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ አንሶላው ሳይጨማደድ ሦስቱም አዩት። ግቡ እንኳ ሳልላቸው አወጣሁት። «የለችም። በአፋር በኩል ከሄደች ስድስት ወሯ ነው። ሮቢትም አልሄደችም፣ አልታመመችምም። ዋሽቻችኋለሁ። ትኑር አትኑር አላውቅም።»

ሴትዮዋ ወተቱን እንዳቀፈች ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ሼኹ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። እኔ የማየው መምህርቷን ነበር።

«ቲቸር፣ አፈር ስሆን» አልኳት፣ «ስሟን አትሰርዢብኝ። የፈለጋችሁትን ያህል ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ዝም ብለሽ ብቻ ተይው፣ እዚያው ይቀመጥ።»

አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ የዓመቱ አጋማሽ ላይ ተሰርዟል» አለች። «ደብዳቤውን ቢሮ የጻፉት በመስከረሙ ዝርዝር ነው። እሑድ ስሟ ሲጠራ እኔም ደንግጫለሁ። ታማለች ሲሉ ግን፣ ተመልሳለች ማለት ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።» ብርቱካኑን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ቆመች።

ስንት ወር ሙሉ የሌለ ስም ስጠብቅ ነበር ማለት ነው። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም፤ መናደድ አማረኝና አቃተኝ። ሼኹ ዱዓውን እንደገና አደረጉ፣ አሁን በትክክሉ፤ በረሃውንም ባሕሩንም እየጠሩ። አሚን ያልነው ሦስት ሰዎች ነን። ሽንኩርት ነጋዴዋ ወተቱን ጥላልኝ ሄደች፤ እሳቸውም ተከተሉ። መምህርቷ ልትወጣ ስትል አስቆምኳት።

«ጠዋት ጠዋት ስም ስትጠሪ እንዴት ነበር የምትያት? እስቲ እንደዚያው አድርገሽ ጥሪያት።»

«ጋሼ፣ ይተዉ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

አየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ክፍል ውስጥ እንደምትጠራው ጮክ አድርጋ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠራችው። እንደልማዷ መልሱን ጠበቀች። ከሁለቱ ስም አንዱ የኔ ነውና፣ «አቤት» አልኳት።