የጠመኔው ሌባ

አሰብ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ትምህርት ቤት መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። እኛ ለብሰናል። የግል ትምህርት ቤታችን ባለቤትና ዳይሬክተር አዲስ አበባ ያዩትን ደህና ትምህርት ቤት እንዳለ ገልብጠው ያመጡ ሴት ነበሩ። ሹራቡን አመጡ፣ ክራቫቱን አመጡ፣ "ማዳም" መባልንም አመጡ። ሳይመጣ የቀረው ብርዱ ብቻ ነው።

ጓደኛዬና እኔ ጎረቤታሞች ነበርን። የእሷ አባት ወደብ ላይ ክሬን ይነዳሉ፤ የእኔ አባት የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። እሷ ስትናገር ሰፈሩ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ ስናገር የሚሰማኝ እሷ ብቻ ነበረች። ያገናኘን አንድ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለትምህርት ቤቱ ትቶት ሄደ። ታሪኩ በአዳሪ ትምህርት ቤት ስለሚኖሩና ሌባ ስለሚይዙ ልጃገረዶች ነው። እነሱ ሌባውን የሚከተሉት በረዶ ላይ በተወው ዱካ ነበር። እኛ ዘንድ ዱካ አይበረክትም፤ ነፋሱ ያጠፋዋል። ቢሆንም አንድ ነገር እስኪሰረቅልን በጉጉት እንጠብቅ ነበር።

የተሰረቀው ጠመኔ ሆነ። ጠመኔ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ስለሚመጣ ማዳም እንደ ስኳር ይቆጥቡታል። ጠዋት ሙሉ የነበረው ካርቶን ለዕረፍት ስንወጣ ይጎድላል፤ ቀን ሲሞሉት ማግስቱን ደግሞ ይጎድላል። ማዳም ሌባ መፈለግ ጀመሩ፤ ብዙም አልደከሙ። ጓደኛዬን ሲሚንቶው በረንዳ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስትሥል አገኟት።

"ይሄ ጠመኔ ከየት መጣ?"

"ወድቆ አግኝቼው ነው፣ ማዳም። ቁራጭ ነው እኮ።"

"የቀረውስ? የካርቶኑን ጠመኔ የት አደረግሽው?"

"በላሁት።"

ሁላችንም ሳቅን። ማዳም አልሳቁም። ክራቫቷን በገዛ እጃቸው ፈትተው ተቀበሏትና ወደ ቤቷ ሰደዷት። ሌብነቱን ይቅር ሊሉ ይችሉ እንደነበር፣ ያችን መልስ ግን ፈጽሞ እንደማይምሩ ለመምህራኑ ተናገሩ።

አባቷ ወሎ ገጠር እህት ነበረቻቸው፤ በአካባቢው ትምህርት ቤት የለም። "እዚህ ጠመኔ ከምትሰርቅ እዚያ እንስራ ትሸከም" አሉ። ወዳጃቸው የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ይነሣል፤ ይዟት ሊሄድ ተስማማ። በዚህ ዓይነት ትምህርቷ በስድስተኛ ክፍል ሊያበቃ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ እሷ ከተባረረች በኋላም ጠመኔው መጥፋቱን አላቆመም። አዋቂ ሰው ከዚህ ሌባው ሌላ ነው ብሎ ይደመድማል። ማዳም ግን "ተባባሪ አላት ማለት ነው" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ያኔም ፊቴ ምንም አይነበብበትም ነበር፤ ለተባባሪነት የተፈጠረ ፊት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ በጣውላው አጥር ቀዳዳ ጠራችኝ።

"ስሚ፣ ጠመኔው ላይ ዱቄት ነስንሺ። መጽሐፉ ላይ እንዲያ አድርገው ነው የያዙት።"

"ነጭ ጠመኔ ላይ ነጭ ዱቄት?"

"እሺ፣ የአባትሽ እርሳስስ?"

አባቴ በወደቡ ጭነት ላይ የሚጽፍበት እርሳስ ነበረው። ሲደርቅ ግራጫ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ሐምራዊ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ በሳሙናም አይለቅም። አባቴ እየላሰ ስለሚጽፍበት ከንፈሩ ሁልጊዜ እንደ በለዘ ነው።

"ሌባው ሲነካው እጁ ይቀልማል" አለች። "አንቺ ማየት ብቻ ነው። እኔ እንደሆነ ነገ እሄዳለሁ። ቶሎ በይ እንጂ!"

እርሳሱን በምላጭ ፍቄ ዱቄቱን ወረቀት ውስጥ ቋጠርኩ። ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና የካርቶኑን ጠመኔ አንድ በአንድ አሸሁት። ትንሽ አመድማ ከመሆኑ በቀር ምንም አይታወቅበትም።

የረሳሁት ነገር ላብ ነው። የመጽሐፉ ልጃገረዶች በበረዶ አገር ስለሚኖሩ አላስጠነቀቁኝም። አሰብ ውስጥ እጁ ደረቅ የሆነ ሰው የለም፤ ደግሞም ሹራብ ለብሰናል። የሒሳብ መምህሩ ገና አንድ ክፍልፋይ ጽፈው ሳይጨርሱ መዳፋቸው ሐምራዊ ሆነ። ሰሌዳ ላይ የወጣ ልጅ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ተመለሰ። ማዳም ጫጫታ ሰምተው ገቡ፣ ጠመኔ አነሡ፣ በትልቁ "ንጽሕና" ብለው ጻፉ፣ ከዚያም ግንባራቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ማንም አልነገራቸውም። ማን ይነግራቸዋል? አንድ ሌባ እይዛለሁ ብዬ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ሌባ አድርጌው ቁጭ አልኩ።

ከምሳ ዕረፍት በኋላ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የአማርኛ ትምህርት ነበር። መምህርታችንን "ሚስ" ነበር የምንላቸው። ከደጋ የመጡ፣ የማጣሪያውን ቴክኒሺያን አግብተው ዓመት ያልሞላቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሴት ናቸው። የመማሪያ መጽሐፉን ገለጡና ማንበብ ጀመሩ። ጥርሳቸው ሐምራዊ ነው። ምላሳቸውም ሐምራዊ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ምን እንዳሳቀን ስላላወቁ አብረውን ፈገግ አሉ፣ ያኔ የባሰ ታየ።

እኔ አልሳቅሁም። ጠመኔ የነካ ሰው እጁ ነው የሚቀልመው። አፉ የቀለመ ሰው ምን አድርጎ ነው?

ደወል ሲደወል ጠጋ ብዬ፣ "ሚስ፣ ጓደኛዬ ዛሬ ወሎ ልትላክ ነው። በጠመኔው ምክንያት" አልኳቸው።

"ለጊዜው ከትምህርት ታገደች ነው የተባልኩት።"

"መኪናው ሙቀቱ ሲበርድ ይነሣል። ደግሞ... አፍዎ ሚስ።"

ከቦርሳቸው መስታወት አውጥተው አዩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እጄን ይዘው ቀጥታ ማዳም ቢሮ ገቡ። ማዳም ግንባራቸውን እያሹ ነበር፤ ውኃው አባብሶታል።

"እኔ ነኝ ማዳም። ጠመኔውን የምበላው እኔ ነኝ። አርግዣለሁ።"

ማዳም ግንባራቸውን ማሸት ተዉ።

"ያማረኝ አፈር ነበር" አሉ ሚስ። "ዝናብ የመታው የጭቃ ግድግዳ። የዚህ አገር አፈር ጨው ጨው ይላል፤ ሞክሬዋለሁ። ሆዷ የገፋ መምህርት ክፍል አትገባም እርስዎ ስላሉ ደግሞ ለማን ልናገር?"

ማዳም ሥራ ሊያስለቅቋቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። የተቆጡት ግን በሌላ ነገር ነው። "አንቺ ሴት፣ አምሮሽ ዝም ትያለሽ? ልጁ ላይ ምልክት ቢወጣስ! እናት የለሽም? እኛስ ሰው አይደለንም?" በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ሕግ ውስጥ ለአምሮት የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም፤ ማዳም ወደ እናታቸው ሕግ ተመለሱ።

"ማዳም፣ መኪናው" አልኩ።

ሦስታችንም ታክሲ ይዘን ወደ ጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ሄድን። ሞተሩ ተነሥቷል። ጓደኛዬ ሹፌሩ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች፤ አባቷ በሩን ይዘው ይመክሯታል።

"ልጅህን አውርድ" አሉ ማዳም።

"ማዳም? ግንባርዎ ምን ሆነ?"

"ግንባሬን ተወው። አልሰረቀችም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሰኞ ክፍሏ ትግባ።" ይህን ሲሉ ጥርስ የሚነቀልባቸው ይመስሉ ነበር።

አባቷ ትንሽ አንገራገሩ። ከዚያ አንሥተው አወረዷት። ማዳም ለካ ከሹፌሩም ጋር ጉዳይ ነበራቸው።

"አንተ፣ ስትመለስ ከደጋ ጥሩ አፈር አንድ ጆንያ ሞልተህ አምጣልኝ።"

"ለአትክልት ነው፣ እትዬ?"

"ለመብላት።"

ሹፌሩ የማዳምን ግንባር አየ፣ የሚስን አፍ አየ፣ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ጓደኛዬ ዘላ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የሚስን ጥርስ እያየች አንድ በአንድ አስተረከችኝ፦ ማን ሳቀ፣ ማዳም የትኛውን ቃል ጻፉ፣ በየትኛው እጅ ጠረጉ። ስጨርስ ፊቷን አዞረችብኝ።

"ሐሳቡ የኔ፣ ማየቱ ግን ያንቺ" አለች። እስከ ሰፈራችን ድረስ ስንሄድ አላናገረችኝም።