የጎደለው በሶ

እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም። ባለቤቴ፣ ምን ሆነሽ ነው ሰውን ሁሉ በጎሪጥ የምታዪው ይለኛል። ሰው ምን እንደሚያደርግ ከራሴ ነው የተማርኩት፣ በአሥራ አራት ዓመቴ።

ያን ክረምት በፍልሰታ ጾም የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ከደብረ ታቦር ተነስተን ለሁለት ሳምንት ሱባዔ አንድ ገዳም ገባን። እኛ ሴቶቹ የምናድረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ባለች ጎጆ ነበር። ሁላችንም ከቤት ያመጣነው በሶ በአንድ ማዳበሪያ ተጠራቅሞ ጥግ ተቀምጧል። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል የቀመሰች ጉድ ፈላባት።

በአምስተኛው ቀን የወር አበባዬ መጣ። የመጀመሪያዬ ነው። እንዲያ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ለማን ይነገራል? በሞትኩት! ሆዴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። የነገርኩት አብራኝ ላደገችው ለጎረቤታችን ልጅ ብቻ ነው። እሷም ቅዳሴው ሳያልቅ ሹልክ ብላ መጥታ፣ ከነጠላዋ ጨርቅ ቀድዳ ሰጥታኝ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ በሶው ጎደለ ተባለ። አስተባባሪያችን ቆፍጣና ሴት ናት፤ እኔን ብቻ አየችኝ። ሌሎቹም አፈጠጡብኝ። በቅዳሴ ሰዓት ጎጆ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኛ! አንዷ፣ ለካ ሆዷን ያመማት ለዚህ ነው ስትል ሰማሁ። ለምን እንደቀረሁ ብናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

«እሷም መጥታ ነበር» አልኩ፣ ወደ ጓደኛዬ እያየሁ።

ለምን እንደመጣች ጠየቋት። መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። ደጋግመው ጠየቋት፣ ዝም። በልታ ነው አሉና መቶ ስግደት አሰገዷት፤ በነጋታው ወደ ቤቷ ትመለስ ተባለ። እኔ ደግሞ፣ አቤት ክፋቴ፣ ዝም ስትል ጠረጠርኳት። ምናልባት እውነትም ስትወጣ ዘግና ይሆን እያልኩ ስትሰግድ አየኋት፤ የምትሰግደው እሷ፣ የምጠረጥረው እኔ። ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጠዋት ጓዟን ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት። ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ጓዟን አዝላ ወደ መኪናው መንገድ ወረደች።