የጋሽ ሰይድ አኮርዲዮን ጤነኛ ነበር

ጋሽ ሰይድ አረፉ። ጠዋት ልጃቸው ዘይነባ ደውላ ስትነግረኝ «የትኛው ሰይድ?» አልኳት። ፒያሳ ላይ አኮርዲዮን የሚጫወት ስንት ጋሽ ሰይድ አለና! ማመን አቅቶኝ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ጊዮርጊስ ጋ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የሚጨቃጨቅ ሰው ሲያዩ «ቀለል አርጉት እንጂ ልጆቼ» የሚሉት አዛውንት ናቸው።

እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ላወድሳቸው አይደለም። ያደረግኩትን ልናዘዝ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለችው ስቱዲዮዬ ጠራኋቸው፤ ለአንድ ወጣት ዘፋኝ አኮርዲዮን እንዲጫወቱለት። ዘፋኙ አጠገቤ ተቀምጧል። ስለ አዲሱ ኮምፒውተሬ ጉራዬን ስነዛበት ነው ያረፈድኩት። ዘፈኑ ላይ የድምፅ ማሳመሪያ ፕለጊን በላይ በላዩ ከምሬበታለሁ። ጋሽ ሰይድ መጫወት ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ ከበደውና ማዳመጫችን ውስጥ ቅጭ ቅጭ ይል ጀመር።

የዚህን መላ እዚሁ ገጼ ላይ ስንቴ ለጥፌላችኋለሁ! ስትቀርፁ ፕለጊኑን አጥፉት፣ ያለቀውን ትራክ ወደ ተራ ድምፅ ቀይሩት፣ ኮምፒውተሩ ይተነፍሳል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት።

«ልጄ፣ ይሄ ቅጭ ቅጭ የሚለው ከኔ ነው?» አሉኝ።

ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አኮርዲዮንዎ ሳያረጅ አልቀረም» አልኳቸው።

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ጊዜያችሁን ፈጀሁ» ብለው መሣሪያቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ቦታውን በኪቦርድ ሞላሁት።

ከወር በኋላ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። «የሚጠግነው ሰውዬ ፈትቶ አየው፣ ምንም የለበትም አለኝ። ለካ የከዳኝ ጣቴ ነው» ብለው ሳቁ። ያኔ እንኳ ማኪያቶዬን ጨልጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አኮርዲዮኑን ነክተውት እንደማያውቁ ዘይነባ ዛሬ ነገረችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ያን ቀን የተቀረፀውን ከፈትኩት። ፕለጊኑን ሁሉ አጥፍቼ የእሳቸውን ብቻ አጫወትኩ። ጥርት ያለ ነው። ቅጭ ቅጩ ኮምፒውተሩ ሲያሰማን የፈጠረው እንጂ ቅጂው ውስጥ አልገባም። ጣታቸው አንድም ቦታ አልሳተም። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ይሰማል፤ «ልጄ፣ ይሄ ቅጭ ቅጭ የሚለው ከኔ ነው?»

ጋሽ ሰይድ፣ ከእርስዎ አልነበረም። ከእኔ ነበር። ዛሬ ከቀብር መልስ ለዘይነባ እነግራታለሁ፤ ለእርስዎ ግን ዘገየሁ። ያን ቀን አውፍ በሉኝ ያሉት እርስዎ ነበሩ፣ ማለት የነበረብኝ እኔ።

አውፍ ይበሉኝ፣ ጋሼ።